የዘውዲ ሙዳይ ዘጠነኛ አንቀጽ

ጎተንበርግ፣ ስዊድን
ጥር 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ወዳጆ በለጠ
ካዛንቺስ

ጤናና ሰላም ከደጅዎ አይራቅ። እኔ በእመቤታችን ጥበቃ ደህና ነኝ፤ ሥራዬም ያው የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ ነው። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል እንጂ ሌላ የጎደለኝ የለም።

አክስቴ ዘውዲ ካረፈች ዓመት ሞላት። እዚህ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ጸሎት አስደርጌላታለሁ። ለሙት ዓመቷ አጠገብዎ ባለመኖሬ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ከዓዲግራት መጥቼ እናንተ ቤት ያደግሁ ልጅ ነኝ። የእህቷ ልጅ ብሆንም እርስዎ አንድም ቀን "የሚስቴ ዘመድ" ብለውኝ አያውቁም፤ "ልጄ" ነው ያሉኝ። አሁን ብቻዎን እንደሆኑ ሳስብ እንጀራው አልዋጥ ይለኛል።

ተራው የእኔ ነው። ምን ልላክልዎ? ልብስ ይሁን፣ መድኃኒት ይሁን፣ ገንዘብ ይሁን ይንገሩኝ። እባክዎ "ምንም" እንዳይሉኝ።

የአክስቴ ሙዳይ እንዴት ሆነ? ከእሷ በኋላ የያዘው ሰው አለ?

ጉልበትዎን እስማለሁ።
ልጅዎ መርሃዊት


ካዛንቺስ፣ የካቲት 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለመርሃዊት። የሰማይ አምላክ በሰው አገር ሰው ያድርግሽ። እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ፣ እበላለሁ፣ እሄዳለሁ፣ እጣላለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በእኛ ቀን መጻፍሽ ደስ አሰኝቶኛል። ባለፈው የፈረንጁን ቀን ጽፈሽ ባንድ ጊዜ ሰባት ዓመት አስረጅተሽኝ ነበር።

ምን ልላክ ላልሽው፣ ምንም። እኔ ወዳጆ በለጠ ሰው ደጅ እጄን ዘርግቼ አላውቅም። ለገሃር ጭነት ሳወርድ ኖሬ፣ ወገቤ እስኪጎብጥ ሠርቼ የበላሁ ሰው ነኝ።

ሙዳዩ እንዳለ ነው። ጀሚላ ሱቅ፣ ከሳሙናው በላይ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። እድሩ በየወሩ ሲሰበሰብ ሰው መዋጮውን ከፍሎ የተረፈውን ይጥልበታል። ክዳኑ የሚከፈተው ሦስት ሰው ሲገኝ ነው፤ አንድ ክርስቲያን፣ አንድ ሙስሊም፣ አንድ ደግሞ ከሁለቱም ጋር የሚጣላ። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ለሰፈራችን ትምህርት ቤት ዴስክ አስጠግነናል። ዳይሬክተሯ ሀዊ ራሷ መዶሻ ይዛ ስትመታ አይቻለሁ፣ ጎበዝ ልጅ ናት። ለደካሞች ምሳ የሚያበላው ማኅበርም ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት ገዝተንለታል። አክስትሽ በሰማይ ሆና ታያለች።

እኔ ያው የእድሩ ድንኳን ኃላፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ድንኳን የማስተክለው እኔ፣ ቀሪ የምመዘግበው እኔ፣ ቅጣት የማስከፍለው እኔ። ባለፈው ሰብሳቢያችንን ሳላሀዲንን ከቀብር ቀረህ ብዬ ቀጣሁት።
"ጋሽ ወዳጆ፣ ታምሜ እኮ ነው" አለኝ።
"የታመመ ሰው ይልካል። ማንን ላክህ?" አልኩት።
ከፈለ። ደንብ ደንብ ነው።

የግድ ካልሽ ለሙዳዩ ላኪ። እኔን ተዪኝ።

አባትሽ ወዳጆ በለጠ


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ወዳጆ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ፆሙን ያለ አክስቴ እንዴት እንደገፉት እግዚአብሔር ይወቀው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ አሉላ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ይመጣል። ሁለት ፖስታ ይሰጥዎታል። አንዱ ላይ "ሙዳይ"፣ ሌላው ላይ "ጋሼ" ብዬ ጽፌያለሁ። እባክዎ እንዳይቀላቅሏቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እንዳይቆጡኝ። ያለፈው ደብዳቤዎ መስመሩን እየለቀቀ ሽቅብ ወጥቷል። "ሀ"ዎ እንደ በር ሰፍታለች፤ ሁለት መስመር ላይ ደግሞ አንዱን ጽሑፍ በሌላው ላይ ደርበው ጽፈዋል። የምሠራበት ቤት ያሉት ሽማግሌዎች ፊደላቸው ማደግ ሲጀምር ነርሷ ዓይን ሐኪም ትጠራለች። ዓይንዎ ደህና ነው?

ልጅዎ መርሃዊት


ካዛንቺስ፣ ሰኔ 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለመርሃዊት። በገባሽበት ሁሉ ፊት ይስጥሽ፣ የዘረጋሽው እጅ አይጠር።

አሉላ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ትንሽ ብቻ ይቸኩላል። ሻይ ሳይጠጣ ሊሄድ ሲል ከልክዬ አጠጣሁት።

ሁለቱም ፖስታ ሙዳዩ ውስጥ ገብቷል። ጀሚላ "ጋሼ" የሚለውን አይታ "ጋሽ ወዳጆ፣ ይሄ እኮ የርስዎ ነው" አለችኝ። "የኔ ስለሆነ ነው የምሰጥሽ። የሌላ ሰው ቢሆንማ ምን አግብቶኝ!" አልኳት። ሳቀች። አታኩርፊ ልጄ፣ እኔ ዘንድ ቢቀመጥ ይበላል፣ ያልቃል። አሁን ግን ስሚ ምን እንደሆነ። ትምህርት ቤቱ የንባብ ክፍል ብሎ የያዘው ጎተራ የመሰለ ጨለማ ቤት ነበር። ግድግዳው ተፈልፍሎ ትልቅ መስኮት ወጣለት። ሀዊ እጄን ይዛ አስገባችኝና "አሁን ልጆቹ ያለ መብራት ያነባሉ" አለችኝ። ሙቀቱ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። ደስ አለኝ። አንቺን መረቅሁ፣ አክስትሽንም አነሣሁ።

ሌላ ትንሽ ነገር። አንድ የእድራችን አባል አለ፣ ሽማግሌ ነው። ጽሑፍ ያስቸግረዋል። ፊደል የሚያተልቅ አጉሊ መነጽር እናንተ ዘንድ ይገኛል ሲሉ ሰምቻለሁ። ከተመቸሽ ለእሱ ላኪለት። ካልተመቸሽም ግድ የለም፣ እሱ አይቸኩልም።

አባትሽ ወዳጆ በለጠ


ጎተንበርግ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ወዳጆ

ክረምቱን በደህና ያሻግርዎ። አጉሊ መነጽሩን በፖስታ ልኬያለሁ።

ያ የእድር አባል ግን ማን ነው? ረዥም ነው? ከለገሃር ዘመኑ የቀረች ቡኒ ኮፍያ አለችው? ስለ ዓይኑ ሲጠይቁት ስለ መስኮት ያወራል?

ጋሼ፣ ስለ ዓይንዎ ጠይቄ አልመለሱልኝም። የዓይን ሞራ ከሆነ አጉሊ መነጽር አያድነውም። ዛሬ ሞራ አዲስ አበባ ውስጥ በግማሽ ቀን ይወጣል፤ ሰው በእግሩ ገብቶ በእግሩ ይመለሳል። ከዘገየ ግን ይብሳል። ወጪውን እኔ እችላለሁ። በአክስቴ አጥንት ይዤዎታለሁ፣ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ልጅዎ መርሃዊት


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 17 ቀን 1997 ዓ.ም.

ጋሼ

ሦስት ወር አለፈ፣ ድምፅዎ ጠፋብኝ። ጀሚላ ሱቅ ደውዬ ነበር። "ደህና ናቸው" አለችኝና ቶሎ ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ። ያ ችኮላ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

በደሌ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ። ባይሆን ተቆጥተው ይጻፉልኝ። እርስዎ ሲቆጡ ደህና እንደሆኑ አውቃለሁ።

መርሃዊት


ካዛንቺስ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለመርሃዊት። አንቺን ያላስከፋ አምላክ ይመስገን፣ ያስከፋሁሽ እኔ ነኝና።

የዘገየሁት ጠልቼሽ አይደለም፣ አፍሬ ነው። ይህን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ፣ አጉሊ መነጽርሽን ይዤ። አዎ፣ ያ አባል እኔ ነኝ። ቀድሞም አውቀሽዋል።

የሆነውን ልንገርሽ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ እማማ መብርሂት ዐረፉ፣ ነፍስ ይማር። ጠዋት ጡሩምባው ሲነፋ ድንኳን ተሸካሚ ጎረምሶቹን አስከትዬ ወጣሁ። የእማማ በር አረንጓዴ ነው። እኔ ግን ካመት ወዲህ የበሩ ሁሉ ቀለም አመድ ሆኖብኛል፤ ሰፈሩን የማውቀው እርምጃ ቆጥሬ ነው። ከጀሚላ ሱቅ እማማ በር ሰባ ሁለት እርምጃ። ያን ቀን መንገዱ ለውኃ ቧንቧ ተቆፍሮ ኖሮ ጉድጓዱን ስዞር ቁጥሩ ጠፋኝ። ጎረምሶቹ "ጋሼ፣ እዚህ ነው እንዴ?" አሉ። "ለኔ ነው የምትነግሩኝ? ትከሉ!" አልኳቸው። ተከሉ። ምሰሶው ቆመ፣ ሸራው ተወጠረ፣ አግዳሚው ተደረደረ።

በሩ ተከፈተ። ባይሳ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ባይሳን መቼም አትረሺውም፣ ሥጋ ቤት የነበረው። ከክረምት ጀምሮ ልቡን አሞት ተኝቶ ነበር። ድንኳኑን አየ፣ አግዳሚውን አየ፣ እኔን አየኝ።
"ወዳጆ" አለኝ፣ "እስቲ ቁርሴን እንኳ ልብላ።"

ሰፈሩ ሳቀ። ባይሳም ደረቱን ይዞ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሚስቱ ከውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት። ልቡን በታመመ ሰው ደጅ፣ በቁሙ፣ የሐዘን ድንኳን አስተከልኩ። ደንግጦ ቢወድቅ ኖሮስ? ማን ይቅር ይለኝ ነበር?

በሦስተኛው ቀን ሳላሀዲን፣ ጀሚላና ሀዊ ሙዳዩን ይዘው ቤቴ መጡ።
"ዓይንዎን ሙዳዩ ያሳክማል" አለኝ ሳላሀዲን።
"ሙዳዩ ለልጅና ለደካማ ነው። እኔ የቱ ነኝ?" አልኩት።
"ሁለቱንም ነዎት" አለች ጀሚላ፣ ምላሷ አያርፍም።
እምቢ አልኩ። ያኔ ሳላሀዲን ከኪሱ ወረቀት አወጣ። "እንግዲያው ደንቡ ያለውን ልንገርዎ። በሙዳዩ ደንብ አንቀጽ ዘጠኝ፣ ሙዳዩ ደጁ ድረስ መጥቶለት አልቀበልም ያለ አባል ይቀጣል። ሦስት ጊዜ እምቢ ካለ ከእድር ይሰረዛል። ይኸው፣ ከታች የርስዎም ፊርማ አለበት።"

ከእድር መሰረዝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዕድሜ ልኬን ለሰው ድንኳን ተክዬ እኔ ያለ ድንኳን ልቀበር?

ለማንም የማልነግረውን ላንቺ ልንገርሽ። ያን ደንብ አላነበብኩትም። አክስትሽ ከአንድ መምህር ጋር ጽፋው ስትመጣ እድርተኛው ፊት "አንብበው" አለችኝ። እኔ ፊደል የለየሁት ለገሃር፣ የጭነት ሣጥን ላይ ከተጻፈው ነው። ሰው ፊት እየተንተባተብኩ ላነብ? ዓይኔን አንዴ ላይ ታች አደረግሁና "አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ነው" ብዬ ፈረምኩ። አሁን "እንዲህ የሚል የለም" ብል "ታዲያ ምን ይላል?" ይሉኛል። ሳላሀዲን አንቀጹን ከራሱ የፈጠረው ይመስለኛል። ግን በየትኛው ዓይኔ ላጣራ? ሁለት ጊዜ እምቢ ብያለሁ፣ ሁለት ጊዜ ተቀጥቼ ከፍያለሁ። ለሦስተኛው እስከ የካቲት ስብሰባ ጊዜ ሰጥተውኛል።

ከጀመርኩ አይቀር ሌላውንም ልጨርስልሽ። በ1985 ወገቤን ተጎድቼ ስተኛ አንቺ ስድስተኛ ክፍል ነበርሽ። የቀን ሠራተኛ ካልሠራ አይከፈለውም። ቤታችን ሽሮ አልነበረም። ዘውዲ የጥሎሽ ሙዳይዋን ባዶውን ይዛ ሄደች፣ እድሩ መሀል አስቀመጠችው፣ "ልጄ ከትምህርት ልትቀርብኝ ነው" አለች። ጎረቤት ጣለበት። ሙዳዩ የተጀመረው ያን ቀን ነው። የመጀመሪያዋ ልጅ አንቺ ነሽ። እኔ ግን "እኔ ነኝ የከፈልኩ" አልኩሽ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ዋሸሁሽ። ሰው ደጅ እጄን ዘርግቼ አላውቅም እያልኩ የምፎክረው፣ ዘርግቼ ስለማውቅ ነው።

ይቅር በዪኝ።
ወዳጆ


ጎተንበርግ፣ ጥር 6 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለአባቴ ለጋሼ ወዳጆ

እግዚአብሔር ዕድሜዎን እንደ አብርሃም ያርዝመው። ደብዳቤዎን በአውቶቡስ ውስጥ ከፈትሁት። ባይሳ ጋ ስደርስ ጮክ ብዬ ስቄ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን የምወርድበት ፌርማታ አልፎኝ ሄደ።

ጋሼ፣ አውቅ ነበር።

አክስቴ የነገረችኝ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ያለፍኩ ቀን ነው። "ማወቅሽን እንዳይሰማ። ቀና ብሎ የሚሄድበት ነገር ይተውለት" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ስሄድ በየበሩ ሰላም የምለው ለዚያ ነበር። ደብተሬ ከጀሚላ ሱቅ እንደሆነ፣ ጫማዬ ባይሳ የገዛልኝ እንደሆነ አውቅ ነበር። እርስዎ "ይቺ ልጅ ሰላምታ ታበዛለች" ይሉ ነበር።

የዋሹኝ መስሎዎት ከሆነ ግን አልዋሹኝም። ወገብዎ ሳይድን፣ በከዘራ እየተደገፉ፣ ጠዋት ጠዋት እስከ ትምህርት ቤቱ በር አድርሰውኛል። በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ያርፉ ነበር። "ኮፍያዬን ላስተካክል" እያሉ። ያንን ሙዳዩ አልከፈለልኝም።

ስለ አንቀጽ ዘጠኝ ምንም አልልም። መኖር አለመኖሩን እኔ ከዚህ አላየውም፤ እርስዎም ከዚያ አያዩትም። ሳላሀዲን ዋሽቶ ከሆነ የሚያጋልጠው የሚያይ ሰው ብቻ ነው። ዓይንዎን ይታከሙ፣ ደንቡን ያስመጡ፣ ራስዎ ያንብቡት። ከሌለ ሳላሀዲንን ይቅጡት። ካለ ደግሞ እኔን ይቅጡኝ።

ገንዘብ አልላክሁም። በዚህ ጊዜ ከሙዳዩ ይቀበሉ። የእኔን ተራ በኋላ እደርስበታለሁ።

ልጅዎ መርሃዊት


ካዛንቺስ፣ መጋቢት 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለመርሃዊት። ብርሃን የሰጠኝ አምላክ ላንቺም የልብሽን መሻት ይስጥሽ። ይህን የምጽፈው ቤቴ ውስጥ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። መስመሩን እዪልኝ፣ አልለቀቅሁም።

በየካቲት ስብሰባ ላይ ተነሥቼ "እቀበላለሁ፣ ግን ለማጣራት ነው" አልኩ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ፣ እየሳቀ መሆኑን አውቄያለሁ። ላንቻ በኩል ካለ ክሊኒክ ሄጄ አንዱ ዓይኔ ተሠራ፣ መነጽርም ታዘዘልኝ። ሀዊ ናት ስትወስድና ስትመልሰኝ የነበረችው፣ እግዜር ይስጣት። ጨርቁ ሲነሣ መጀመሪያ ያየሁት የሐኪሟን የጆሮ ጌጥ ነው። ሰፈር ስደርስ የእማማ መብርሂት በር አረንጓዴ ነው፣ ልጄ። እንዲያ አረንጓዴ መሆኑን ረስቼው ነበር። ባይሳ ደጁ ተቀምጦ ነበር፣ አሁን ተሽሎታል።
"ወዳጆ፣ ደግሞ ድንኳን ይዘህ መጣህ?" አለኝ።
"ዛሬ እንኳ ቁርስህን በልተህ ይሆናል" አልኩት።
ያን ጊዜ አብሬው ሳቅሁ። ሚስቱም ወጥታ እጄን ሳመችኝ፣ እኔም ይቅርታ ጠየቅኋት።

በማግስቱ "ደንቡ ይምጣ" አልኩ። ሳላሀዲን፣ ጀሚላና ሀዊ መጡ፣ ባይሳም ምስክር ልሁን ብሎ ተከተለ። የተቀመጥነው ትምህርት ቤቱ የንባብ ክፍል ውስጥ፣ አንቺ በላክሽው መስኮት ሥር ነው። እኔ የልጅ ዴስክ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩ። ጣቴን ከፊደሉ ሥር አድርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ተንተባተብኩ። አንድ ቃል ላይ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። ማንም አልሳቀም። እኔም አላፈርኩም፤ ለምን እንዳላፈርኩ አላውቅም። አንቀጽ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ስምንት ደረስኩ። ከስምንት በታች ፊርማ ነው። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ባዶ።

"ዘጠኝ የታለ?" አልኩ።

ሳላሀዲን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ጀሚላ ናት የመለሰችው። "ጋሽ ወዳጆ፣ ዘውዲ ናት። ልታርፍ ሰሞን ጠርታን፣ 'ወዳጆ አንድ ቀን የሰው እጅ ያስፈልገዋል። ያኔ እንዳትለምኑት፤ ልመና ያደነድነዋል። ደንብ ነው በሉት' አለችን። ደንቡን አላነበበውም ያለችንም እሷ ናት።"

ለካ ታውቅ ነበር። ያን ዕለት እድርተኛው ፊት "አንብቤዋለሁ" ስል እያየችኝ ነበር፣ ሐቁንም ታውቅ ነበር፣ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። መነጽሬን አወለቅሁ። ሐኪሟ ዓይንዎን እንዳያሹት ብላኝ ነበር፣ አሸሁት።

ከዚያ ሳላሀዲንን ቀጣሁት። የሌለ አንቀጽ ጠቅሶ አባል ማስፈራራት ትልቅ ጥፋት ነው። እኔ የከፈልኩትንም ሁለት ቅጣት እሱ ላይ ደረብኩበት። "አላህ ይይልዎ" እያለ እዚያው ሙዳዩ ውስጥ ጣለ፣ ፊቱ ግን እንደ ሠርገኛ በርቶ ነበር።

ቀጥዬ ብዕር ጠየቅሁ። ደንብ ተብሎ የተነገረ ነገር ሳይጻፍ መቅረት የለበትም። በራሴ እጅ ከስምንት በታች ጻፍኩት፤ "ዘጠኝ። ሙዳዩ ደጁ የመጣለት አባል ይቀበል። አፍሮ እምቢ ያለ ይቀጣል። ከእድር ግን አይሰረዝም፤ ያፈረ ሰው ያለ ድንኳን አይቀበርም።" አነበብኩላቸው፣ ሁሉም ፈረሙ።

አንቺም ነገሩን ታውቂ ነበር አይደል? ጀሚላ ጋ የደወልሽው ለሰላምታ ብቻ ነው? አትመልሺልኝ፣ መቅጣት ይመጣብኛል።

ልጄ፣ አመሰግንሻለሁ። ሰፈሬንም አመሰግናለሁ። በ1985 ማመስገን ሲገባኝ የዘጋሁትን አፍ ዛሬ ከፍቼ፣ ጠዋት በየበሩ እየሄድኩ ሰላም ስል ዋልኩ። "ጋሽ ወዳጆ ዛሬ ሰላምታ አበዙ" አሉኝ። ከልጄ ተምሬ ነው አልኳቸው።

ምን ልላክ ብለሽኝ ነበር፣ ዓመት አለፈው። አሁን እጠይቅሻለሁ። ፎቶሽን ላኪልኝ፣ ጉርድ ሳይሆን ሙሉውን። ዓይኔ ላይ ያለችው የስድስተኛ ክፍሏ ልጅ ናት። አሁን የሆንሽውን ልይ።

ይህ ወረቀትም ያኔ እንደፈረምኩት ደንብ አይደለም። ከላይ እስከ ታች በመነጽሬ ተመልክቼዋለሁ።

አንብቤ የፈረምኩ፣
አባትሽ ወዳጆ በለጠ